አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል ወይስ የሚያሸናው? አዳማ ላይ ለሚኖር ሰው የግፊት ኪኒን ሲመረጥ

ግፊት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አያመውም። ጣጣው የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ቤት ይሄዳል፣ ክንዱ ታስሮ ይለካል፣ ኪኒን ይዞ ይመለሳል። ብዙም ሳይቆይ እግሩ ያብጣል፣ ወይ ራሱን ያዞረዋል፣ ወይ ሌሊት በሳል ቤተሰቡን መቀስቀስ ይጀምራል። «ደህና ነበርኩ እኮ፣ ያሳመመኝ መድኃኒቱ ነው» ይላል። አልዋሸም። ትንሽ ታግሶ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ ይተወዋል። ግፊቱ ግን እሱን አይተወውም፤ ድምፁን አጥፍቶ ልቡን፣ ኩላሊቱንና የአንጎሉን ደም ሥር መጉዳቱን ይቀጥላል።

ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ «ጠንካራው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይቀርብልኛል። እኔ የምመርጠው ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ከኔ ኑሮ ጋር አብሮ የሚሄደው የትኛው ነው?» የተለመዱት የግፊት መድኃኒቶች ግፊት በማውረድ ያን ያህል አይራራቁም። የሚራራቁት ሰውየው ሥራው ላይ፣ አልጋው ላይና መንገድ ላይ በሚያደርጉበት ነገር ነው። እ.ኤ.አ በ1986 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን በደንብ አሳይቷል። 626 ወንዶች በሦስት ተከፍለው ካፕቶፕሪል፣ ሜቲልዶፓ ወይም ፕሮፕራኖሎል ተሰጣቸው። የሦስቱም ቡድን ግፊት በተቀራራቢ መጠን ወረደ። ስለ ኑሯቸውና ስለ ስሜታቸው ሲጠየቁ ግን ካፕቶፕሪል የወሰዱት የተሻለ መለሱ። መለኪያው ላይ ቁጥሩ አንድ ሆኖ ኑሮው ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይህን አንብባችሁ ራሳችሁ መድኃኒት አትቀይሩ። በቀጠሯችሁ ቀን ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ምን እንደምትሉ እንድታውቁ ነው የጻፍኩት። «አልተስማማኝም» ብቻ ብሎ መውጣት ማንንም አይጠቅምም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው መመሪያ ለመጀመሪያ ሕክምና የሚመከሩት ሦስት ቤተሰቦች ናቸው። አንደኛው እነ አምሎዲፒን ያሉበት የደም ሥር የሚያላላው ወገን ነው። ሁለተኛው እነ ኢናላፕሪልና እነ ሎሳርታን፣ ሦስተኛው ደግሞ እነ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ በተለምዶ «የሚያሸናው» የምንለው። የልብ ምት የሚያዘገዩት አቴኖሎልና ዘመዶቹ ለብቻቸው ናቸው፤ በኋላ እመጣባቸዋለሁ።

አምሎዲፒን፦ ለረሺ ሰው፣ ግን እግርን እዩ

እኔን ብትጠይቁኝ አዳማ ላይ ለሚኖር፣ ሌላ በሽታ ለሌለበት ሰው መነሻው አምሎዲፒን ቢሆን ደስ ይለኛል። በቀን አንዴ ነው። ሽንት አያበዛም፣ ሳል አያመጣም፣ ሲጀመር የኩላሊትና የጨው ምርመራ ላይ አያመላልስም። ከሁሉ የምወድለት ግን ሰውነት ውስጥ መቆየቱን ነው። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ከ30 እስከ 50 ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ ቀን የረሳ ሰው ግፊቱ በአንዴ አይወረወርም። በማግስቱ የተለመደውን አንዷን ይውጥ፤ የትናንቱን ለማካካስ ሁለት አይዋጥም። ያው በመቆየቱ ምክንያት ሙሉ ሥራው እስኪታይ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን ተለክቶ «አልሠራም» ማለት ቸኩሎ መፍረድ ነው።

ዋናው ጉዱ እብጠት ነው። ፍራንኮ አካባቢ ሱቅ ያላትን አንዲት ደንበኛዬን አስቡ። ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ጠዋት ጫማዋ ልክ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን የተረከዙን ቆዳ ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ ነው የምትጎትተው። ካልሲዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቀለበት ሠርቷል፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። ማታ ተኝታ ስታድር ይቀንሳል፤ በማግስቱ ይመለሳል።

ይህ በመጠኑ ላይ በጣም ይወሰናል። በመድኃኒቱ የጥናት መረጃ መሠረት 5 ሚሊ ግራም ከሚወስዱት 3 በመቶ ያህሉ ሲያብጡ፣ 10 ሚሊ ግራም ከሚወስዱት ደግሞ ወደ 11 በመቶ ይጠጋሉ። ሴቶች ላይ ከወንዶች ይበልጥ ይታያል። የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። እግር አበጠ ተብሎ ላሲክስ፣ ማለትም ሌላ ብርቱ የሚያሸና መድኃኒት፣ ይታዘዛል። እብጠቱ የመጣው ግን ቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ስለላሉና ፈሳሹ ወደ ሥጋው ስለሰረገ ነው እንጂ ሰውነት ውኃ ስለያዘ አይደለም። ላሲክሱ እብጠቱን እምብዛም አይነካውም፤ ሰውየውን ግን ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ያመላልሰዋል። አሁን ሁለት ችግር ሆነ።

የሚሻለው መጠኑን ወደ 5 መመለስና ከእነ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን አንዱን በትንሹ መጨመር ነው። እነዚህ በሌላኛው በኩል ያለውን ደም ሥር ስለሚያላሉ እብጠቱን ራሱን ይቀንሱታል፤ ግፊቱንም ያወርዳሉ። እግር ከፍ አድርጎ መቀመጥም ይረዳል። ጥብቅ ካልሲ የሚመክሩ አሉ። በግንቦት፣ በአዳማ ሙቀት! መካሪው ራሱ አድርጎት ይሞክረው።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ከእብጠቱ ጋር ትንፋሽ ካጠረ፣ ጥፋቱ የአምሎዲፒን ላይሆን ይችላል። ቶሎ መታየት ነው።

ዘመዱ ኒፊዲፒንም በብዛት አለ። ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ይወሰዳል፤ ራስ ምታትና ፊት መጋል ከአምሎዲፒን ይብሳል። ኪኒኑ አይሰበርም፣ አይፈጭም። ፈጥኖ የሚሠራውን ዓይነት ግፊት ሲወጣ ምላስ ሥር ማፍሰስ የቀረ አሠራር ነው፤ ግፊቱን በአንዴ አውርዶ ስትሮክ ሊያመጣ ስለሚችል።

ኢናላፕሪልና ሎሳርታን፦ አቧራው ነው ወይስ ኪኒኑ?

አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት። በነፋሱ መብራት የምናመነጨው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ሰው ሲስል መጀመሪያ የሚወነጀለው አቧራው ነው። ቀጥሎ ብርዱ፣ ቀጥሎ ኤሲው። ዝንጅብል ይፈላል፣ ዳማከሴ ይታሻል፣ ሽሮፕ ይገዛል፣ አክታ ይመረመራል፣ ራጅ ይነሳል። ሁሉም ንጹህ ነው። ሳሉ ግን ጉሮሮን እየኮረኮረ፣ ያለ አክታ፣ በተለይ ሌሊት ይቀጥላል። «የግፊት መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ኢናላፕሪል ከሚወስዱት ከአሥር አንዱ ያህል እንዲህ ዓይነት ደረቅ ሳል ይይዘዋል። በጀመረ በሳምንት ሊመጣ ይችላል፣ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። በሽሮፕ አይድንም። መፍትሔው መድኃኒቱን በሐኪም ማስቀየር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላም ሳሉ ወዲያው አይጠፋም፤ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። መምህር ከሆናችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን የምትዘምሩ ከሆነ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የምታወሩ ከሆነ ይህን ከመጀመሪያው አስቡበት።

ሎሳርታን ያንኑ ሥራ በሌላ በር ገብቶ ይሠራል፣ ሳሉን ግን አያመጣም። ሪህ የሚያስነሳውን ዩሪክ አሲድንም በመጠኑ ስለሚያወርድ ሪህ ላለበት ሰው ይመቻል። ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ሎሳርታን አይወስድም? ዋጋና አቅርቦት ነው። ኢናላፕሪል ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ጤና ጣቢያም በቀላሉ ይገኛል። ካላሳለ ደግሞ በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው። የስኳር ሕመም ኖሮት ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን የሚታይ፣ ወይም ልቡ የደከመ ሰው ከሁለቱ አንዱን ማግኘት አለበት። እዚያ ላይ ምርጫው በመካከላቸው እንጂ ከነሱ ውጭ አይደለም።

በኢናላፕሪል ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ቀልድ የለም። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል፤ ከዚያ በኋላ ያ መድኃኒት በሕይወታችሁ አይነካም። በካርዳችሁም ላይ አስጽፉት። የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ነው፣ ጥቁር ሕዝብ ላይ ግን ከሌላው ይበልጥ ይታያል። ሁለቱም መድኃኒቶች ሲጀመሩ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ይደረጋል። «ደህና ነኝ» ብላችሁ አትዝለሉት።

ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት ሁለቱንም አትወስድም። ጽንሱን ይጎዳሉ። እርግዝና እንደታወቀ የዚያኑ ዕለት ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ለእርጉዝ ሜቲልዶፓና ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ኒፊዲፒን አሉ። ሜቲልዶፓ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፣ አፍም ያደርቃል፤ ግን የረጅም ዘመን ልምድ ያለበት መድኃኒት ነው።

የሚያሸናው፦ ርካሽ፣ ጥሩ፣ ግን ለሹፌር አይደለም

ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ስሙ ከመርዘሙ በቀር ብዙ የሚወደድ ነገር አለው። ርካሽ ነው። በቀን አንዴ ጠዋት ይወሰዳል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ 12.5 ወይም 25 ሚሊ ግራም። የሚያሸናው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው እንጂ ዕድሜ ልክ አይደለም፤ ሰውነት ይለምደዋል። ማታ የወሰደው ግን እንቅልፉን ከመድኃኒቱ ጋር ውጦታል ማለት ነው።

አሁን የአዳማን ሰው አስገቡበት። ጠዋት ተነስቶ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ የሚመላለስ ሹፌር አለ። እዚያ መንገድ ላይ እንደልብ አይቆምም። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የከባድ መኪና ሹፌርም አለ፤ እሱ ቆሞ መሽናት ቢችልም ወደ ቆላው በወረደ ቁጥር ላብ በላብ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ኪኒኑን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይተዉታል፤ አልፈርድባቸውም። ባጃጅ ነጂም እንደዚሁ ነው፤ ሽንት ቤት ፍለጋ ተራውን አይለቅም።

ሙቀቱ ሌላ ነገር ነው። በበልጉ ወራት ከሰዓቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን በላብ ውኃና ጨው ይወጣል። ኪኒኑ ደግሞ በሽንት ያወጣል። በተለይ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ላይ በደም ውስጥ ያለው ጨው ከመጠን በላይ ወርዶ ድካም፣ መንገዳገድ፣ አንዳንዴም መቀባዠር ይመጣል። «እርጅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘበት ቀን መድኃኒቱ ይቁም አይቁም ብሎ አስቀድሞ ሐኪምን ጠይቆ ማወቅ ነው። ፖታሲየም ስለሚቀንስ የጡንቻ መሸማቀቅ ሊኖር ይችላል፣ ዩሪክ አሲድና ስኳርም ትንሽ ይጨምራል። ጥሬ ሥጋ ወዳድና ሪህ የሚነሳበት ሰው ሌላ ይፈልግ።

ለማን ይሆናል ታዲያ? ቤት ለምትውል፣ ሽንት ቤት ቅርቧ ለሆነ፣ አምሎዲፒን እግሯን ላሳበጣት እናት። ለደሃም። ከሌላ መድኃኒት ጋር በትንሹ ሲጣመር ደግሞ ለብዙ ሰው።

አቴኖሎል

ለግፊት ብቻ መነሻ ምርጫ አይደለም። የልብ ድካም፣ የልብ ምት መዛባት ወይም የልብ ደም ሥር ጥበት ያለበት ሰው ግን ከዚህ ቤተሰብ ለሱ የሚሆነውን ሐኪሙ ያዝለታል። ድካም ያመጣል፣ እጅ እግር ያቀዘቅዛል፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበት ያንሳል። አስም ያለበት አይጀምረው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ስኳር ሲወርድ የሚሰማውን የልብ ምት ይደብቅበታል። አለቀብኝ ብሎ በድንገት ማቆም የልብ ሕመም ሊቀሰቅስ ስለሚችል ከማለቁ ቀደም ብላችሁ ግዙ።

ሰው ሲያልቅ በሹክሹክታ የሚጠየቀው

ፋርማሲው እስኪቀል ጥግ ይዞ የሚጠብቅ ወንድ አለ። የሳሙናውን ዋጋ ይጠይቃል፣ የጥርስ ሳሙናውን ያገላብጣል። ሰው ሲያልቅ ይጠጋና «ይሄ የግፊቱ መድኃኒት… ከሚስቴ ጋር…» ይላል። ቀሪውን እኔ እጨርስለታለሁ።

እውነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ግፊቱ ራሱ ደም ሥርን ስለሚያበላሽ ስንፈተ ወሲብ ያመጣል፤ መድኃኒት ባይወሰድም። ሁለተኛ፣ እነ አቴኖሎልና የሚያሸናው ሊያብሱት ይችላሉ። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሎሳርታን እምብዛም አይነኩትም። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የሚያሳስበው ሰው ለሐኪሙ በግልጽ ይናገር፤ መቀየር ይቻላል።

ሦስተኛም አለ፣ ትንሽ የሚያስቅ። እ.ኤ.አ በ2003 ጣሊያን ውስጥ የልብ ሕመም የተገኘባቸው 96 ወንዶች አቴኖሎል ተሰጣቸው። የሚወስዱት ምን እንደሆነ ካልተነገራቸው ውስጥ 3 በመቶው ብቻ ችግር ገጠመን አሉ። ስሙ የተነገራቸው ወደ 16 በመቶ ሆኑ። ስሙም ጣጣውም የተነገራቸው 31 በመቶ ደረሱ። እንግዲህ እኔም አሁን ስጽፍላችሁ ሥራ እየሠራሁባችሁ ሊሆን ይችላል። ለማንኛውም በጓሮ የሚሸጥ የወሲብ ማነቃቂያ አትግዙ። የደረት ሕመም ኪኒን ወይም ምላስ ሥር የሚደረግ የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ገዳይ ሊሆን ይችላል።

አንዱን ከፍ ማድረግ ወይስ ሁለት ትንሽ?

ሰዉ ሁለት ኪኒን ሲታዘዝለት «ባሰብኝ» ብሎ ይደነግጣል። ተቃራኒው ነው። የአንዱን መጠን እጥፍ ማድረግ ግፊት የማውረድ ሥራውን ትንሽ ብቻ ይጨምራል፣ ጣጣውን ግን በደንብ ያሳድገዋል። ሁለት በትንሹ ሲሆኑ ሥራው ይደመራል፣ ጣጣው ግን ዝቅ ይላል። በናይጄሪያ፣ ካሜሩን፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ደቡብ አፍሪካና ሞዛምቢክ 728 ሕሙማን ላይ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ በ2019 የወጣ ጥናት ሦስት ጥምረቶችን አወዳድሯል። አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ጥምረቶች፣ አንዱ ከሚያሸናው ጋር ሌላው ከኢናላፕሪል ዘመድ ጋር፣ አምሎዲፒን ከሌለበት የተሻለ ግፊት አወረዱ። ሁለቱ በአንድ ኪኒን ተጨምቀው የሚመጡም አሉ። ከተገኙና ኪስ ከፈቀደ ለመርሳት አይመቹም።

ጠዋት ወይስ ማታ? ጾምስ?

እንግሊዝ አገር 21,104 ሰዎችን ያሳተፈ፣ እ.ኤ.አ በ2022 የወጣ ጥናት ጠዋት በሚወስዱና ማታ በሚወስዱ መካከል በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ ከሚያሸናው በቀር የማትረሱበትን ሰዓት ምረጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው አምሎዲፒን ማታ ከራት በኋላ ይመቻል። በረመዳን ሁለቴ የሚወሰደው ኢናላፕሪል ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር ይገጥማል። በውኃ ጥም እየዋሉ የሚያሸናውን መውሰድ ግን አዳማ ላይ አይሆንም፤ ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ይየው። ጠበል የሚገባም መድኃኒቱን ይዞ ይግባ።

ምርጫችሁ ትክክል ሆኖ ግፊቱ እምቢ ካለ መጀመሪያ ሌላ ነገር ፈትሹ። ለወገብ እየተገዛ የሚዋጠው ዲክሎፍናክ ግፊት ያወጣል፤ የእነ ኢናላፕሪልንና የሚያሸናውንም ሥራ ያከሽፋል፣ ሦስቱ አንድ ላይ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳሉ። ጫትም ያወጣዋል። ጨው ቀንሻለሁ የምትል ሴት ወጡ ላይ አትጨምርም ይሆናል፤ በርበሬው ሲዘጋጅ የገባበትን ጨው ግን አልቆጠረችውም።

መድኃኒት ሲጠፋ ደግሞ እንዲህ ነው። አምሎዲፒን ባለ 10 ከሌለ ሁለት ባለ 5 ያው ነው። ፋብሪካው ቢለያይ፣ ቀለሙ ቢቀየር ችግር የለም። ኢናላፕሪል ጠፍቶ በሎሳርታን ከተቀየረላችሁ ግን ቤት የቀረውን ኢናላፕሪል እስኪያልቅ አብራችሁ አትዋጡ። ሁለቱ አንድ ላይ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየምም ከፍ ያደርጋሉ። ስትመጡም ባዶውን የኪኒን ልጣጭ አትጣሉት፣ ይዛችሁ ኑ፤ ስሙና መጠኑ እሱ ላይ አለ። «ያቺ ነጭ ትንሿ ኪኒን» ብትሉኝ መደርደሪያው ላይ ካለው ግማሹ ነጭና ትንሽ ነው።